ከአንገቱ የወረደው ፍላሽ

ሐኪሙ የሞተው በበሽተኞቹ መካከል ነው። በሽተኞቹ ሰዎች አልነበሩም፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ባለቤቶቻቸውም ተስፋ የቆረጡባቸው ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሰፈርተኛው «ሐኪሙ» ያለውም ለዚሁ ነው። ሌላው ጠጋኝ «ይሄ አብቅቶለታል፤ ጣሉት» ያለውን ማሽን እሱ ይቀበላል። ከዚያ ሊኑክስ ከሚባለው ሲስተም ቀለል ያለውን ዓይነት መርጦ በፍላሽ ላይ ያዘጋጃል፣ ፍላሹን ይሰካል፣ ማሽኑም ከፍላሹ ላይ ተነሥቶ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ይህንኑ ሙያ ለሚፈልጉ ሰዎች ጠዋት ጠዋት እዚያው ሱቁ ውስጥ ያስተምር ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሐኪሙ ከወንበሩ ወድቆ በጎኑ ተጋድሟል። ጫማውን እንደ ልማዱ አውልቆ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦታል። ባዶ እግሩ ያረፈበት ሲሚንቶ ገና እርጥብ ነው። የግራ መዳፉ ላይ ትንሽ የቃጠሎ ምልክት ይታያል። ጠረጴዛው ላይ፣ በወፍራም ላስቲክ ላይ፣ ክዳኑ የተከፈተ ባለ ብረት ቀፎ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ከፊቱ አንድ ሰማያዊ ፍላሽ ተሰክቶበታል።

«መብራት ነው የያዘው» አለ ሳጅኑ። «አሮጌ ዕቃ፣ እርጥብ ወለል፣ ባዶ እግር። አደጋ ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ኢንስፔክተሯ። ጉልበቷን አጥፋ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከጀርባው ነቀለችና በእጇ መዘነችው። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ስልክ አለ፤ አንዱ የሥራ ነው፣ ሌላው ለልጇ ብቻ። ያ ሁለተኛው ስልክ ካልጠራ ትጨነቃለች፤ ከጠራም ትጨነቃለች። ሥራ ላይ ግን አንድም ነገር አያስደነግጣትም።

ገመዱን እያገላበጠች ሳለ በሩ በኃይል ተበረገደ። የገባው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው። ወንድሙን አየ፤ አልጮኸም። ዞር አለና ጥግ ላይ የቆመውን የሐኪሙን ሽርካ አንገቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው።

«ወለሉን ያራስከው አንተ ነህ! ወንድሜን የበላኸው አንተ ነህ!»

«በየቀኑ ነው የምወለውለው!» አለ ሽርካው ትንፋሹ እየተቆረጠ። «ምሳ ልወጣ ስል ወለወልኩ፤ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ከቆጣሪው መብራቱን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ!»

«ትናንት ስትጨቃጨቁ ሰው ሰምቷችኋል! ድምፃችሁ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር!»

ሳጅኑና ሁለት ፖሊሶች ተረባርበው አላቀቋቸው። ወንድምየው ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ኢንስፔክተሯ መጣ። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ እሷን ያሳሰባትም ይሄ ነው።

«ስሚ እህቴ። ነገ እንቀብረዋለን። ከቀብር ስመለስ ገዳዩን በስም ትነግሪኛለሽ። ካልነገርሽኝ እኔ የማውቀው አንድ ስም ብቻ ነው። ጣቢያ ብትደብቂውም አንድ ቀን ይወጣል። እኔ ደግሞ ቸኩዬ አላውቅም።»

«እነግርሃለሁ» አለች።

ሳጅኑ ሰውየው ከወጣ በኋላ ጆሮዋ ሥር መጣ። «አደጋ ከሆነ ምን ብለሽ ልትነግሪው ነው?»

«አደጋ አይደለም።» የገመዱን ሶኬት ብሎን ፈትታ ውስጡን አሳየችው። «ሦስት ሽቦ አለ። ይሄኛው ግራውንድ ነው፤ የማሽኑን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው፣ ሰው እንዳይያዝ። እዚህ ግን መብራት ካለበት ሽቦ ጋር አንድ ብሎን ሥር ታስሯል። ገመዱን የሰካ ሰው መብራቱን በቀጥታ ወደ ብረቱ ቀፎ ላከው ማለት ነው። ይሄ በራሱ አይሆንም፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ነው።»

*

ሽርካውን በሱቁ ጓዳ አስቀምጣ አነጋገረችው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነው።

«መብራት ብረቱ ላይ ቢኖር እንኳ ሰው ካልነካው አይገድልም» አለች። «እንደሚነካው በምን ታወቀ?»

«ሁልጊዜ ይነካዋል። ማሽን ሲከፍት መጀመሪያ ግራ እጁን ብረቱ ላይ ይጭናል። ሰውነታችንና ልብሳችን ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ብረት ሳንነካ ውስጡ ያለውን ሚሞሪ ከነካን ያቃጥለዋል። ተማሪዎቹንም መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ይሄንን ነው። ‹እጅ መንሻ› ይለው ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ማን ተማረ?»

«ሁለት ሰዎች ብቻ። ጋሼ ፊውዝና ልብስ ሰፊዋ። ጋሼ ፊውዝ ከመብራት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም አብረውኝ ወጡ።»

«በሩን ቆለፍክ?»

«ሐኪሙ ውስጥ ነበር። አልቆለፍኩም።»

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

ልጁ ጥፍሩን መብላት አቆመ። «በፍላሹ። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ሰማያዊ ፍላሽ አለ። ሲተኛም አያወልቀውም። ‹ምን አለበት?› ብዬ ጠየቅኩት፤ ‹አንተን ምን አገባህ› አለኝ። እዚያው ላይ ተጯጯህን።»

«ለምን ጠየቅከው?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው ብሎ እስከ ማዶ የሚጮህ ሰው አላየሁም» አለች። ልጁ ግን ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ቀረ። አልገፋችውም። «ሰማያዊው ፍላሽ ያ ማሽኑ ላይ የተሰካው ነው?»

«ምን?» ብድግ አለ። «ያ ፍላሽ ከአንገቱ አይወርድም አልኩሽ እኮ! ሲስተም ሊጽፍበት ከሆነ ደግሞ ያለው ሁሉ ይጠፋል። እሱ ያን ፍላሽ ከሚያጠፋ ዓይኑን ቢያጠፋ ይቀለዋል።»

ሌላ ደህና ገመድ አምጥታ ማሽኑን በፍላሹ እንዲያስነሣው አዘዘችው። ሳጅኑ ራቅ ብሎ ቆመ። ማሽኑ ተንጫጫ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ አወጣና ደርቆ ቀረ።

ሽርካው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ... ይሄ እኮ የአዲስ ማሽን ነው።»

«በሚገባኝ አማርኛ ንገረኝ።»

«ቀላሉ ሊኑክስ ሁለት ዓይነት አለው። ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት የሚባለው ለእንዲህ ያሉ አሮጌዎች ነው። ባለ ስልሳ አራቱ ለአዳዲሶቹ ነው። ፍላሹ ላይ ያለው የአዲሶቹ ነው። ማሽኑ ‹እኔ ይሄን አልችልም› እያለ ነው። ሐኪሙ ማሽን ሲያነሣ ገና በክብደቱ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ስሕተት ተኝቶም አይሳሳትም።»

«አንተስ?»

«እኔማ እሱ ያስተማረኝ ነኝ!» አለ እየተቆጣ። ከዚያ የተናገረው ነገር ለራሱ እንደሚጠቅመው ገባው።

*

ጋሼ ፊውዝ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ራዲዮ ፈተው ሲገጥሙ ተገኙ። ሶኬቱን ስታሳያቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ተመለከቱና በንቀት ተነፈሱ።

«ልጄ፣ እኔን ጠርጥረሽ ከሆነ የመጣሽው አዝንብሻለሁ። እኔ ብገድለው ኖሮ ሽቦውን እንዲህ አላበላሸውም። ስሜን ያሰድበኛል።»

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«እይው እስቲ። የሽቦ ሽፋን ሲላጥ ዙሪያውን ይቆረጥና ይጎተታል። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ሌላ መንገድ አያውቅም። ይሄኛውን ግን በርዝመቱ ሰንጥቀው ነው የከፈቱት፤ እንደ ባቄላ። ምላጩ ግን የዋዛ አይደለም፤ መዳቡን አንድ ቦታ አልጫረውም። እጁ ጎበዝ ነው፤ ሙያው ግን የኛ አይደለም።»

«እርስዎ ለምንድን ነው የሚማሩት ጋሼ?»

«ከቤት እንድወጣ። ሚስቴ ራዲዮኑን ስፈታ፣ ስገጥም፣ ስፈታ፣ ስገጥም ሰለቻት።» ሳቁና ወደ ውስጥ ጠቆሙ። «ኮምፒውተሬ ከእኔ እኩል ያረጀ ነው። ሐኪሙ ለእሱ የሚሆነውን ሲስተም ሰጠኝ፤ ሌላ የለኝም። ለየሰዉ ለገዛ ማሽኑ የሚሆነውን ብቻ ነው የሚሰጠው። ‹ሁለቱን ከሰጠኋችሁ ታደባልቁታላችሁ› ይላል።»

«ሰውየውን ይወዱት ነበር?»

ሽማግሌው ብሎን መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ትምህርቱን እወደው ነበር። ሰውየውን... እንዴት ልበልሽ። ሰው ዕቃውን ጥሎለት ሲሄድ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ነበር። እኔ ሴት ልጆች አሉኝ። ላፕቶፓቸውን እሱ ጋ አላስወሰድኩም። ለምን ብትይኝ አላውቅም።»

*

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው በመኖሪያ ክፍሏ ውስጥ ነው። ባለ ሞተር መኪና፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ በስም የታሰሩ ጨርቆች። ክፍሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽዱ ነው። ኢንስፔክተሯን አስቀመጠቻት፣ ውኃ ሰጠቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በግማሽ ምላጭ የአንድ ቀሚስ ጎን እየተረተረች ነበር። ክሩ ሲላቀቅ ትንሽ ድምፅ ያሰማል፤ ጨርቁ ግን አይነካም።

«ምስኪን» አለች። «ጠዋት እኮ ሲያስተምረን ደህና ነበር።»

«ኮምፒውተር ለመማር ምን አነሣሣዎት እትዬ?»

«ልጄ ላፕቶፕ ትታልኝ ሄደች። እስክከፍተው ድረስ እፈራዋለሁ፤ ከከፈትኩት በኋላ ደግሞ መዝጋቱን እፈራለሁ። ቤቴ ውስጥ ያለን ነገር እስከ መቼ እፈራለሁ ብዬ ነው።»

«ላፕቶፑ አዲስ ነው?»

«የተማሪ ነው፤ ደህና ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የገዛሁላት።»

«ልጅዎ አሁን የት ናት?»

ምላጩ አንዴ ቆመና ቀጠለ። «ሩቅ ናት።»

«ፍላሽ ማዘጋጀት ችለዋል?»

«አሳምሬ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እንደ ጎበዝ ተማሪ በጣቷ እየቆጠረች ዘረዘረችው። «መጀመሪያ ሲስተሙ ያለበትን ፋይል ታወጫለሽ። ፍላሹን ትሰኪያለሽ። የሚጽፈውን ፕሮግራም ትከፍቻለሽ። ከዚያ ዋናው ነገር፣ ትክክለኛውን ፍላሽ መምረጥ ነው፤ ተሳስተሽ የላፕቶፑን ሆድ ከመረጥሽ አለቀልሽ። ስትጫኚው ‹ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?› ይልሻል። ሐኪሙ እዚህ ጋ ይጮህብን ነበር፤ ‹አዎ ካላችሁ በኋላ አልቅሳችሁ ብትመጡ አላውቃችሁም!› ይላል። አዎ ትያለሽ። ሲስተሙ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ፍላሹን በወጉ አስወጥተሽ ሌላው ማሽን ላይ ትሰኪና፣ ሲነሣ ‹ከፍላሹ ተነሣ› ትይዋለሽ።»

«ዝም ብሎ ማጥፋትና ይሄ ምን ልዩነት አለው?»

«ዝም ብሎ የጠፋ ይመለሳል። እሱ በየቀኑ ይመልስ ነበር። እንዲህ የጠፋ ግን» አለች፣ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ «አይመለስም።»

*

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀብሩ ገና ሳይጀመር፣ የጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ኢንስፔክተሯን ወደ ክፍሏ ጠራቻት።

«ፍላሹ ትልቅ ነው» አለች። «የተጻፈበት ሲስተም ደግሞ ላባ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ያለችውን ቦታ ብቻ ነው የሸፈናት። የቀረው ሥሩ ላይ አለ፤ ማውጫው ጠፍቶ ነው እንጂ። አወጣሁት።»

«ምን አለበት?»

ባለሙያዋ ስክሪኑን አዞረችላት። ኢንስፔክተሯ አንድ ፎቶ አየች። አንዲት ወጣት፣ ለራሷ ብቻ ያነሣችው፣ ሌላ ሰው ሊያየው የማይገባ ፎቶ ነው። እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ዘጋችው።

«ስንት ሰው ነው?»

«ብዙ። ለጥገና ከመጡ ማሽኖች የቀዳው ይመስላል። ለያንዳንዷ የላከላት መልእክትም አለ። ማስፈራሪያ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ሁለተኛውን ስልክ አወጣች።

«እማ? ክፍል ውስጥ እኮ ነኝ።»

«ላፕቶፕሽ ያኔ ሲበላሽ የት ነው ያሠራሽው?»

«ጓደኛዬ ነው የሠራልኝ። ምነው?»

«ምንም። በልተሻል?»

«እማ፣ ገና ጠዋት ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። ከሬሳው ይልቅ ይሄ ነው ያስደነገጣት።

*

ከቀብር መልስ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጋሼ ፊውዝ ወንበር ያዙ። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ሽርካው ከሳጅኑ ጎን ቆመ። ወንድምየው መጨረሻ ላይ ገባና የጎማ መፍቻ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ከኢንስፔክተሯ ላፕቶፕ ጋር አጋደመው።

«ስሙን» አለ።

«እነግርሃለሁ ብያለሁ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንዳወቅኩት ትሰማለህ፤ በኋላ ‹ገምታ ነው› እንዳትል። ወንድምህ እንዴት ነው የሞተው? ሰው የሱቁን ገመድ ወስዶ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ አበላሽቶ፣ በክፍል ሰዓት ማሽኑ ላይ ሰካው። ሐኪሙ ለብቻው ሲቀር ማሽኑን እንደሚከፍት፣ ሲከፍት እጁን ብረቱ ላይ እንደሚጭን፣ በባዶ እግሩ እንደሚቀመጥ፣ ወለሉም በምሳ ሰዓት እርጥብ እንደሆነ ያውቃል። ይሄ ሱቅ ውሎ የሚያውቅ ሰው ነው። አንተ ይሄንን ሱቅ ስንት ጊዜ ረግጠኸዋል?»

«ሁለቴ» አለ ወንድምየው። «የሽቦ ጫካ ይመስለኛል፤ አልወደውም።»

«ስለዚህ ሦስት ሰዎች ቀሩ። ገዳዩ ሐኪሙ ከሞተ በኋላ ላፕቶፕ ይዞ ተመልሶ ገባ፤ ፍላሹን ከአንገቱ አወረደ፤ ሲስተም ጻፈበትና ብረቱን ሳይነካ ማሽኑ ላይ ሰካው። ሥራ ላይ ሳለ አደጋ የደረሰበት ይምሰል ብሎ ነው። ግን የጻፈው ሲስተም ያ ማሽን የማይችለውን ነው። ሽርካው ይሄን አይሳሳትም። ደግሞ ሽርካው ፍላሽ ማጥፋት ቢፈልግ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያጠፋው፤ ቀላል ሲስተም የፊቱን ብቻ ሸፍኖ የቀረውን እንደሚተው ያውቃል።»

«አውቃለሁ» አለ ሽርካው በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን እንደ ያዘች ቀረች። ጣቶቿ ብቻ ጨርቁ ላይ ጠበቁ።

«ጋሼ ፊውዝ ያላቸው የአሮጌ ማሽን ሲስተም ብቻ ነው። እሳቸው ቢጽፉት ኖሮ ማሽኑ በደስታ ይነሣ ነበር። ሽቦም እንዲህ አይልጡም።»

«ስሜን ያሰድበኛል» አሉ ሽማግሌው፤ ግን ማንም አልሳቀም። እሳቸውም ወዲያው ወደ ጎናቸው ዞረው ልብስ ሰፊዋን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«የሽቦው ሽፋን እንደ ስፌት ነው የተተረተረው» አለች ኢንስፔክተሯ። «መዳቡን ሳይነካ። የአዲስ ማሽን ሲስተም ያለው ተማሪ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ‹እንዲህ የጠፋ አይመለስም› ብሎ የሚያምንም አንድ ሰው ብቻ ነው። እትዬ፣ ሊማሩ የመጡት ላፕቶፑን ስለፈሩ አይደለም፤ ይሄን ለማጥፋት ነው። ግን ተመልሷል። ሁሉም እዚህ አለ።» ላፕቶፑን ከፈተች። «ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ወንድሙ በዓይኑ ይየው። የመጀመሪያውን ፎቶ እከፍተዋለሁ።»

እጇ ቁልፉ ላይ ሳይደርስ ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ በሁለት እጇ ስክሪኑን ሸፈነችው።

«አትክፈቺው! አንድም ወንድ አያያትም! አንድም!»

ኢንስፔክተሯ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ባዶ ነው እትዬ። እዚህ ላፕቶፕ ላይ ምንም የለም። አልከፍተውም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አነሣች። በልጅቷ ፎቶ እንዳጠመደቻት የገባት ያኔ ነው። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«አንቺም እንደሱ ነሽ» አለች። «እሱም በእሷ አስፈራርቶ ነው ያሻውን ሊያስደርግ የፈለገው። አንቺም በእሷ ነው የያዝሽኝ።»

ኢንስፔክተሯ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው።

ሴትዮዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ስም ፈልገህ አልነበር? እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ለምን እንደሆነ ትሰማለህ። ልጄ ላፕቶፗን ለወንድምህ ሰጠችው። ሠርቶ መለሰላት፤ ምስጋናም ሰጠችው። ከዚያ የገዛ ፎቶዋን ላከላት። ‹ነዪ› አላት። እምቢ ስትለው ለክፍል ጓደኞቿ በተነው። አንድ ማታ መጥታ ‹እማዬ፣ ነገሬ ሰው እጅ ገባ› አለችኝ። ‹ተሰረቅሽ?› አልኳት። ‹አልተሰረቅኩም፤ እኔም ጋ አለ፣ እሱም ጋ አለ› አለችኝ። አንድ ነገር እንዴት ሁለት ቦታ እንደሚሆን አልገባኝም። ‹አንቺም ጋ ካለ ምን ቸገረሽ፣ ተኚ› አልኳት። በነጋታው አልተነሣችም።»

ጋሼ ፊውዝ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስለዚህ ልማር መጣሁ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፤ ለእሱ አሮጊት ነበርኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ይሄን አልክድም። እያንዳንዱን ነገር ከእሱ ነው የተማርኩት። ጥቁር አውልቄ፣ ስቄለት፣ ‹ጎበዝ› እያለኝ። ትናንት እጁን ብረቱ ላይ ሲጭን መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ፍላሹን ይዤው መሄድ እችል ነበር፤ ግን ቤቴ እንዲገባ አልፈለግኩም። ደግሜ ባገኘው ደግሜ አደርገዋለሁ። ከዚያም ደግሞ።» ከዚያ ሽርካውን አየችው። «አንተም ታውቅ ነበር።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ሽርካው። «ጠየቅኩት እኮ...»

«ጠየቅክና ምሳህን ልትበላ ሄድክ።»

ወንድምየው ከጠረጴዛው ጎን ቆሟል። ብረቱ ከእጁ አንድ ክንድ ብቻ ይርቃል። ሳጅኑ እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ።

«ና» አለችው ሴትዮዋ። «የወንድምህን ደም ፈልገህ አልነበር? እኔም የልጄን ነው የወሰድኩት። ና፣ ምታ።»

ወንድምየው ብረቱን አየና ዓይኑን አነሣ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠራቅመው ያደረው ቁጣ የሚያርፍበት አጥቶ ፊቱ ላይ ሲንከራተት ይታይ ነበር። «ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ» አለ ለማንም ሳይሆን። «አጎታቸው ነበር ስልካቸውን የሚያስተካክልላቸው።» ዞሮ ወጣ። ብረቱን ረስቶት ሄደ።

*

ፍርዱ ተፈረደ። በችሎት ሴትዮዋ ሁሉንም ስላመነች ፎቶዎቹን ማንም መክፈት አላስፈለገውም፤ ዳኛው የባለሙያዋን የጽሑፍ ማብራሪያ ብቻ ተቀበሉ። ይግባኝ አልጠየቀችም። ኢንስፔክተሯ ለብዙ ሳምንት ቢሮ ለቢሮ ተንከራትታ ፍላሹ እንዲጠፋ ትእዛዝ አስወጣች። ትእዛዙ «ይጥፋ» ይላል፤ ቁልፉን ማን እንደሚጫን አይልም።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት ላፕቶፕና ፍላሹን ይዛ ወደ ሴቶች ማረሚያ ቤት ሄደች። ኃላፊዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጠቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ገብታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ሰላም አላለቻትም።

«ይሄኛው የሚያጠፋው የፊቱን ብቻ ነው?» አለች ስክሪኑን እያየች።

«አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ነው። ባለሙያዋ ጋ የነበረው ኮፒም ጠፍቷል፤ ሲጠፋ አጠገቧ ቆሜ ነበር።»

«የበተነላቸው ሰዎችስ?»

«እየፈለግኳቸው ነው። አንድ በአንድ። ሁለቱን ከስልካቸው ላይ አስጠፍቼ ክስ አስከፍቼባቸዋለሁ።»

«የቀሩትን አትተያቸው።»

«አልተዋቸውም።»

ሴትዮዋ ወንበሯን ሳበች። ፍላሹን ራሷ ሰካችው። ፕሮግራሙን ከፈተች። ትክክለኛው መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጠች፣ እንደ ተማረችው። ስክሪኑ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ነግሮ ጠየቃት። ተጫነችው።

ረጅም ጊዜ ወሰደ። ፍላሹ ጎን ላይ ያለች ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትል ነበር። የኢንስፔክተሯ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላነሣችውም። ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ አንድም ጊዜ ሳትነቃነቅ ጠበቀች።

መስመሩ ሞላ። መብራቷ ጠፋች።

ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አሳረፈች።

«አሁን ሞተ» አለች።